ማደጎ የተባለው ሰውዬ

እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ ማደጎ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። «ይመስለኝ ነበር» ስል ነገሩ በሩቁ አይደለም፤ ሰውዬውን ልቅም አድርጌ አውቀው ነበር። ረጅም ነው። ዝምተኛ ነው። ጥቁር ጫማ ያደርጋል። አንድ ቀን የቤታችንን በር አንኳኩቶ «ልጄን መልሱልኝ» ይልና አባቴን እጁን ይዞ ይወስደዋል። ሰባት ዓመት በሞላኝ በዚያ ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ግን ሳቁን ሳልጨርሰው ሌላው ነገር ትዝ ይለኝና አፌን ይዘጋዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አባቴ የውሃ መሥሪያ ቤት ነዳፊ ነበር። ሥራው ከመሬት በታች የሚሄደውን ቧንቧ ሁሉ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ቆፋሪዎቹ ቆፍረው በዓይናቸው ያዩትን ቧንቧ በድፍን መስመር ይስለዋል፤ «እዚህ ጋ አለ ይባላል» የተባለውን ደግሞ በሰረዝ በሰረዝ። ቤት ሲመጣም እጁ አላርፍ አለው። የሳሎናችንን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በወረቀት ሸፈነና የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ልክ እንደ ቧንቧ መሳል ጀመረ። ሁለት ሰው የመሰከረለት አያት ድፍን መስመር ያገኛል፤ አንድ ሰው ብቻ ያወራለት አያት ሰረዝ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ሽማግሌ ፍለጋ ይሄዳል፤ የመቃብር መዝገብ ያገላብጣል፤ አቧራ ለብሶ ይመለስና እጁን ሳይታጠብ ወንበር ላይ ቆሞ አንዲት ትንሽ ሣጥን ይጨምራል።

«ይሄ ሰውዬ ሙታኑን ሁሉ ውሃ ካላጠጣ አያርፍም» ትላለች እናቴ፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ይህን የምትለው መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ነው።

ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ባለበሩ አለ። ባለበሩ የዘራችን መጀመሪያ ነው። በአባቴ አተራረክ፣ ባለበሩ አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ቤቱን ሁሉ ትቶ በሩን ብቻ ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ አሥራ ሰባት ቀን ተጓዘ። በደከመው ቦታ በሩን አቆመውና ቤቱን በበሩ ዙሪያ ሠራ። «በዚያ ምክንያት ነው የኛ ዘር ትከሻ ሰፊ የሆነው» ይል ነበር አባቴ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። የሱ ትከሻ ግን የወፍ ትከሻ ነው። እናቴ በኮቱ ትከሻ ውስጥ ሁለት ሁለት ስፖንጅ ትሰፋለት ነበር፤ እኔ ደግሞ የሁሉም አባት ኮት እንደዚያ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የባለበሩ ወሬ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። ሰልችቷት መስሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ወሬው በሳምንት ሁለቴ ይወራ ነበር።

በዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ አንዲት ሣጥን ባዶ ነበረች። ባለበሩ ግንበኛውን ወለደ። ግንበኛው አንድ ሰው ወለደ። ያ ሰው ደግሞ ወፍጮኛውን ወለደ። ያ መሐል ላይ ያለው ሰው ማን ይባል እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ። አባቴ ሦስት ዓመት ፈለገው። ምሳ እየበላ ድንገት ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ ግድግዳው ያያል፤ እናቴም «ተወው ባክህ፣ ሰውዬው ራሱ መገኘት አልፈለገም» ትለዋለች። እኔ ግን ከአባቴ ጋር እጨነቅ ነበር። ስሙ የጠፋ ሰው የት ነው የሚሆነው? ይርበዋል? እንደዚህ ያለ ነገር አስባለሁ።

በመጨረሻ አባቴ አንድ ዘዴ ቀየሰ፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በአንድ እሁድ ቀን ሰብስቦ ስዕሉን ማሳየት፣ ስሙንም ከመካከላቸው ማግኘት። ዋናው ተስፋው ባለደብተሩ ነበሩ። ባለደብተሩ የሟቹ አያቴ፣ ማለት የአያቴ ባል፣ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የዘሩን ልደትና ሞት በሙሉ ባንድ ወፍራም ደብተር ይመዘግባሉ፤ ደብተሩን ደግሞ ለማንም አያበድሩም። አባቴ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈላቸው። በሦስተኛው «እመጣለሁ፤ ደብተሩንም ይዤ እመጣለሁ» ብለው መለሱ። አባቴ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲያነብልን እየዘለለ ነበር ማለት ይቻላል።

አያቴ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። «አይ እጄ! አረጀሁ በቃ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ያማት ጀመር። ስብሰባው በተነሳ ቁጥር ያማታል። «ለኔ ሲባል ቢቀርስ? እስኪሻለኝ እንኳ?» ትለዋለች አባቴን። «እማዬ፣ ላንቺም እኮ ነው የምደክመው፣ ስምሽ እዚያ ላይ በድፍን መስመር ነው ያለው» ይላታል። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አያቴ ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሠራች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላም የቤቱን አንሶላ ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። አንሶላ ማጠፍ ግን ብቻዋን አይሆንላትም፤ ለዚያ ልጇ፣ ታላቋ አክስቴ፣ ትመጣለች። አክስቴ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት፤ ሹክ ስትል እንኳ የኋላ ወንበር ይሰማል። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው ይራራቃሉ፣ ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን ለማገጣጠም ይቀራረባሉ። እንደገና ይራራቃሉ። እኔ በተሰጣው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የድንኳን ጨዋታዬን እጫወት ነበር፤ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ሲቀራረቡ ነበር የሚሰማኝ።

«...ደብተሩን ይዘው ሊመጡ ነው አሉ፤ እዚያ ላይ እኮ የማደጎ ልጅ ተብሎ ተጽፏል። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ቀስ በይ! ድምፅሽ የአውቶቡስ ነው» አለች አያቴ።

ተራራቁ። አንሶላው ጧ አለ። ተቀራረቡ።

«...ከሰው አፍ ከሚሰማው አንቺው ንገሪው እማዬ። ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው!»

«አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስንቴ ጀመርኩት መሰለሽ? ‹ልጄ› እልና እዚያው ላይ እቀራለሁ።»

ተራራቁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲቀራረቡ አያቴ እያለቀሰች ነበር።

«እሱ ጥሎሽ የሚሄድ ልጅ ነው? አንቺ ደግሞ!»

«ቢሄድስ? ከዚያ ወዲያ እማዬ ብሎ ይጠራኛል? ያችን አንዲት ቃል ካጣሁ እኔ አለቀልኝ፤ አልኖርም።»

በብርድ ልብሱ ውስጥ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። የሰማሁትን በራሴ አእምሮ ገጣጠምኩት። አባዬ የማደጎ ልጅ ነው። ሳሎን ውስጥ በፎቶግራፍ የተሰቀለው አያቴ የኔ አያት አይደለም ማለት ነው፤ እውነተኛው አያቴ ማደጎ የሚባል ሰው ነው። ሰውዬው አንድ ቦታ አለ። ደብተሩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ደብተሩ ከተከፈተ መጥቶ አባቴን ይወስደዋል፤ አያቴ የምታለቅሰው ለዚህ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ የጠራ ነገር ነበር፤ አንዱም የሚጋጭ አልመሰለኝም።

አክስቴ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ ፊት ለፊት ተፋጠጥን።

«አንቺ! ጆሮሽ ነው ወይስ ራዳር?» ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮው ጥግ ወሰደችኝ። «የሰማሽውን ለአባትሽ ትነግሪያለሽ?»

«አልነግርም።»

«ለእናትሽስ? ለማንም?»

«ለማንም።»

«አባዬ ይሙት በይ።»

«አባዬ ይሙት!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፌን በእጄ ያዝኩ።

አክስቴ አሁን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ጠየቅኋት፤ ለምን ያን ጊዜ ነገሩን አላስረዳሽኝም? «ኧረ የገባሽ መስሎኝ ነው!» አለችኝ። «ጋዜጣ የምታነቢ ልጅ፣ ማደጎ ማለት ምን እንደሆነ አታውቂም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አባዬ ይሙት ስትይ ፊትሽ ራሱ የትልቅ ሰው ፊት ነበር።» የገባኝ ፍርሃታቸው ብቻ ነበር፤ ቃሉ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ጭንቅ ብቻ ነበሩ። አባቴ ከሥራ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ መስኮት ላይ እወጣለሁ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ሲያንኳኳ አልጋ ሥር ገባሁ፤ ጥቁር ጫማ ነበር ያደረገው! ማንንም መጠየቅ አልችልም፣ ምያለሁ። አንዴ እናቴን በዘወርዋራ፣ «እማዬ፣ አንድ ሰው ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል?» አልኳት። እሷ እጅጌ እየገጠመች ነበር። «አንድም ካገኘ ዕድለኛ ነው» ብላኝ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ይኸው ነው ያገኘሁት መልስ። አያቴ በበኩሏ ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት «ሐኪም ቤት ልሂድ» ብላ ብቻዋን ወጥታ ቀኑን ሙሉ ቆይታ መጣች። ስትመለስ ትንሽ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቶላት ነው አልን።

እሁዱ ደረሰ። አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ አስፈቅዷል። ስዕሉ በስምንት ትልልቅ ወረቀት ተገጣጥሞ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ሞላው። ስድሳ ያህል ሰው መጣ። ዘመዶቼ መሆናቸው ነው፤ አብዛኞቹን አይቻቸው አላውቅም። እኔ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን ወንድ ሁሉ ከጫማው ጀምሬ ወደ ላይ እመረምራለሁ። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ጫማ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ጫማ። እንደ አባቴ ትከሻው ጠበብ ያለ አንድ ሰው ሲገባ በሩ ጀርባ ተሸጎጥኩ፤ ወንበር የሚደረድረው የአዳራሹ ጠባቂ ነበር። «ምን ሆንክ ማሙሽዬ፣ ሽንት ቤት ነው?» አለኝ። ሴት ልጅ መሆኔን እንኳ አላየም፤ ፀጉሬን አባቴ ነበር ያስተካከለኝ።

ባለደብተሩ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ቀጭን፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። አያቴ ፊት ወንበር ላይ ከአክስቴ ጎን ተቀምጣ መሐረቧን በእጇ ትጠመዝዛለች። እኔ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

አባቴ ረጅም ማስመሪያውን ይዞ ጀመረ። አምሮበት ነበር፤ ድምፁ ሞልቶ ይወጣል። ባለበሩን፣ ግንበኛውን አስተዋወቀ። ከዚያ ማስመሪያው ባዶዋ ሣጥን ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ መስመሩ ይቋረጣል። ይህን ሰው ሦስት ዓመት ፈለግኩት። የሚያውቅ ካለ ዛሬ ይንገረኝ፤ ለልጆቼ ቀዳዳ ያለው ነገር ማውረስ አልፈልግም።»

ከኋላ ፀጉር አስተካካዩ፣ የአባቴ የአጎት ልጅ፣ «ነዳፊው! ቧንቧህ አፈሰሰ እኮ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። እኔ የአባቴ ጆሮ መቅላት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንጀቴን በላኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢያዩልን?» አላቸው ባለደብተሩን።

ሽማግሌው ተነሱ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን በምላሳቸው አራሱ፣ ገለጡ። አያቴ እጄን ያዘችኝ። ገጽ ገለጡ፣ ገጽ ገለጡ፤ ጣታቸው በመስመሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን ያነቡታል። አሁን ማደጎ ይላሉ።

«እዚህም የለም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ወፍጮኛው ብሎ ነው የሚጀምረው።» ደብተሩን ዘጉና ወደ አያቴ አየት አድርገው አንገታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁላት። አያቴ እጄን ለቀቀችው።

ያ አንገት መነቅነቅ ነው ያሳሳተኝ። ለኔ «እንግዲህ እናንተው ተናገሩ» ያሉ መሰለኝ። አባቴ ማስመሪያውን ዝቅ አድርጎ ቆሟል፤ ከኋላ አሁንም ይስቃሉ። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ሠራሁ፤ ስዕሉ ላይ ስም የሌላት ሣጥን አለች፤ እኔ ዘንድ ሣጥን የሌለው ስም አለ። መሐላዬ ትዝ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን በአባቴ ሲሳቅ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ወንበር ላይ ወጣሁ።

«እኔ አውቀዋለሁ! ስሙን አውቀዋለሁ! ማደጎ ነው!»

ሳቁ በረታ። «ጎሽ! ነዳፊዋ መጣች!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አባቴም እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። «ማነው ደግሞ ማደጎ፣ የኔ ዓለም?»

«አባትህ ነዋ! አንተ የማደጎ ልጅ ነህ። እማማና አክስቴ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ደብተሩም ላይ ተጽፏል።»

ሳቁ የቆመው ባንዴ አይደለም፤ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። አባቴ ፊቱ ላይ ሳቁ እንዳለ ነበር፤ ማውረዱን ረስቶት። ወደ አያቴ ዞረ።

«እማዬ?»

አያቴ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። አንዲት ቃል ብትናገር፣ «የልጅ ወሬ ትሰማለህ?» ብትለው ያምናት ነበር፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ ያምን ነበርና። አልተናገረችም። አባቴ ወደ አክስቴ ዞረ፤ አክስቴ ጫማዋን ታያለች። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱም ቀና ብሎ አላየውም፤ ከዚህ ነው ሁሉም እንደሚያውቁ የገባው። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ አድርጎ አስቀመጠው። «ትንሽ እረፍት እናድርግ» አለና በጎን በር ወጣ። አልተመለሰም።

የባሰው ነገር አሁን ነው የሚመጣው፤ ይህንንም የነገረችኝ አክስቴ ናት። አያቴ «ሐኪም ቤት ልሂድ» ባለችበት ቀን ሐኪም ቤት አልሄደችም። ባለደብተሩ ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸው ነበር። ማንንም እሺ የማይሉት ሽማግሌ በእጃቸው ቁራጭ ወረቀት ቆርጠው፣ ሙጫ ቀብተው፣ ያችን መስመር ሸፈኗት። ነገሩ አልቆ፣ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው። ያ አንገት መነቅነቅ «አይዞሽ፣ ተሸፍኗል» ማለት ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምስጢሩን ልታወጣ የምትችል አንዲት ሰው ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷም እኔ ነበርኩ።

አባቴ ስምንት ቀን ጠፋ። እናቴ «የመስክ ሥራ ወጥቶ ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትል የያዘችውን ቀሚስ በተሳሳተ በኩል ስትሰፋ አየኋት፤ ስትፈታውም አየኋት። እኔ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ወይ ማደጎ ወስዶታል፤ ወይ «አባዬ ይሙት» ብዬ ምዬ ስላፈረስኩ ሞቷል። ሁለቱም የኔ ሥራ ነው። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ አልሰማም። ሽንቴን እንኳ መቆጣጠር አቃተኝ፤ በሰባት ዓመቴ አልጋ አረጠብኩ፤ አንሶላውን ያጠበችው አያቴ ናት፤ አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

እንድትመታኝ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ራሴ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። «እማማ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት» አልኳት፣ እንደማታውቅ። ቀና ብላ አየችኝ። አባቴ ከጠፋ ጀምሮ ፀጉሯን አላበጠረችም። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልጄ። የኔ አንደበት ነው የታሰረው» አለች። ከዚያ ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ፣ «እማዬ ሲለኝ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በቀን ስንቴ ይለኝ ይሆን? አሥር ጊዜ?» አለች። እኔ አሥር ጊዜ አይሞላም ብዬ ላርማት ነበር፤ ደግነቱ ዝም አልኩ።

የመስክ ሥራ አልወጣም። ይህን ያወቅኩት አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ያ ስዕል የተጠቀለለበትን ቱቦ ስከፍት ነው። ከስዕሉ ጋር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ወደቀች፤ ከሆስፒታል መዝገብ በራሱ የነዳፊ ጽሑፍ የተገለበጠች። ቀኑ በነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ ነው። «እናት፦ በወሊድ የሞተች። ስም፦ አልተገለጸም። የመጣችበት፦ አልተገለጸም። ሕፃን፦ ወንድ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ለልብስ አጣቢዋ ተሰጠ።» ያ ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተውን የወፍጮኛውን አባት ስም ሦስት ዓመት ያሳደደ ሰው፣ የወለደችውን ሴት በሁለት «አልተገለጸም» ጨረሳት። ወረቀቷን ለማንም አላሳየም። ለአያቴም ፈልጎ እንደነበር አልነገራትም።

ቃሉን የተማርኩት በአሥር ዓመቴ፣ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ነው። ምንባቡ ውስጥ አንድ «የማደጎ ልጅ» ነበር፤ እጄን አውጥቼ «መምህር፣ ማደጎ የልጁ አባት ነው?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አስረዱኝ። አስረድተው ሳይጨርሱ ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ፤ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ «አንተ የማደጎ ልጅ ነህ» ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩት። እያንዳንዷ ቃል እውነት ነበረች። ማታ አባቴን «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለ። «ብነግርሽ አንቺም ስምንት ቀን ትጠፊ ነበር።»

ግን አባቴ በጠፋባቸው በነዚያ ቀናት ገና ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምንም አላውቅም። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአጥሩ በር ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን ጫማ እቆጥራለሁ። የማውቀው ጫማ መጣና ፊቴ ቆመ። ቀና ስል አባቴ ነው። ጺሙ አድጓል፤ ኮቱን በክንዱ ይዟል። አልሞተም! እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ።

«ማደጎ ለቀቀህ?» አልኩት።

አተኩሮ አየኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም፤ የቱን ቃል እንደተሳሳትኩ ያን ጊዜ ነው የገባው። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አዎ፣ ለቀቀኝ።»

«አገኘኸው?»

«ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት።»

«ምን አለህ?»

«‹እዚህ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ሂድ፣ እናትህ እየጠበቀችህ ነው› አለኝ።»

«ከዚህ በኋላ አይመጣም?»

«አይመጣም። የኔና የሱ ነገር አልቋል።»

እጄን ይዞኝ ገባ። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው፤ በአገጯ ወደ አያቴ ክፍል አመለከተችው። በሩ ገርበብ ብሏል። አያቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። እርምጃውን ሰምታለች፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ ደርቋል፤ ግን አልዞረችም። አባቴ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላው ሱሪውን ይዤ ቆምኩ። ሰው ለምን እንደማይናገር አልገባኝም።

«እማዬ» አለ አባቴ። ድምፁ ተሰበረበትና እንደገና ጀመረ። «እማዬ፣ ያ ግራጫ ሸሚዜ ታጥቧል እንዴ?»

አያቴ ዞረች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ስምንት ቀን የተዘጋው አንደበቷ ባንዴ ተከፈተ።

«ምን? ምንህ ታጥቧል? ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ሸሚዝ ለብሰህ በሰው ፊት ስትዞር አታፍርም? አንገትጌውን እየው! እየው እስቲ! የማን ልጅ ነው ይሉህ? እናት የለውም እንዴ አይሉህም? አውልቅ!»

«ቆይ እማዬ፣ ልቀመጥ...»

«አውልቅ አልኩህ እኮ!» ብላ ተነሳች። የሸሚዙ ቁልፎች እምቢ አሏት፤ እሱም አላገዛትም፣ እጁን ዝቅ አድርጎ እንደ ልጅ ቆመላት። ሁለቱም እያለቀሱ፣ አያቴ መሳደቧን ሳታቋርጥ፣ ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታቻቸው።